ሰላምታና ዝምታ

ባለቤቴ እሑድ እሑድ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ወንበር የሠራው ራሱ ነው። አናጢ ነው። የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤታቸው ሲሠራ አግዳሚዎቹን በሙሉ የገጠማቸው እሱ ነበር። በኋላ ደርግ ቤቱን ወስዶ ለቀበሌ ሲሰጠው አግዳሚዎቹም አብረው ተሰጡ። የቀበሌው ስብሰባ የሚጠራው እሑድ ጠዋት፣ ልክ በድሮው የአምልኮ ሰዓት ነው። መቅረት አይቻልም። ስለዚህ ባለቤቴ ያንኑ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ በዚያው ሰዓት፣ ወደዚያው ቤት ይሄድና በመስኮቱ በኩል ድሮ በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣል። ከመቀመጡ በፊት የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎ ያጎነብሳል። ጎንበስ ብሎ ምን እንደሚል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ወይም እንደዚያ እንዲሆን እመኝ ነበር።

እኔ ካቶሊክ ነኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልተዘጋም። ለምን እንዳልተዘጋ በትክክል የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። አንዳንዱ ክሊኒኩን ስለሚፈልጉት ነው ይላል፤ አንዳንዱ ተራችን ስላልደረሰ ነው ይላል። ባለቤቴ የራሱ መልስ ነበረው።

«የእናንተ ቤት አምባሳደር አለው» ይለኛል። «የሮማው ጳጳሳችሁ አገር አለው፤ አገሩ ኤምባሲ አለው። የኛ ቤት ያለው እግዚአብሔር ብቻ ነው።»

«ታዲያ እግዚአብሔር ካለ ምን ያማርርሃል?»

«መች አማረርኩ? መኪና ያለውን ጎረቤት በእግሬ እየሄድኩ አየሁት እንጂ።»

እንዲህ እየተባባልን ነው የኖርነው። ስንጋባ የሁለታችንም ዘመዶች አኩርፈው ነበር። የእኔ አባት «ለመናፍቅ ልጄን ሰጠሁ» አለ፤ የእሱ እናት «ጣዖት ቤቴ ገባ» ብላ ለማርያም ሥዕል ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው ተስማማን፤ ልጅ ሲወለድ በእኔ ቤት ይጠመቃል፣ መዝሙር በእሱ ቤት ይማራል። ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱብን። የቀረችን አንዲት ሴት ልጅ በዚህ ስምምነት አደገች። እሷን ሳሳድግ ያልፈራሁት ነገር የለም። ውሃ አፍልቼ ነው የማጠጣት። ወደ ሐይቁ ከሌሎች ልጆች ጋር ስትሄድ ተከትዬ ሄጄ ከዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ሰዎች ይስቁብኝ ነበር፤ ይሳቁ።

የምሠራው በሚስዮኑ ግቢ፣ በልብስ ክፍል ነው። የሲስተሮቹን ልብስና የመሠዊያውን ጨርቅ አጥቤ እተኩሳለሁ። ካውያው የከሰል ነው፤ ነጭ ጨርቅ ላይ አንዲት ፍም ከወደቀች ያ ጨርቅ አለቀለት። ለፈሪ ሰው የሚሆን ሥራ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ውጭ አገር የማውቀው ነገር ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ልብስ ስተኩስ የሰማሁት ነው።

ከሲስተሮቹ አንዷ፣ ጣሊያናዊት ሽማግሌ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ከእኔ ጋር ተቀምጣ ካልሲ ትጠቅማለች። አማርኛዋ ጥሩ ነው። አንድ ቀን የቀበሌውን ስብሰባ ሳማርርላት ሳቀች።

«አባቴ እኮ ኮሚኒስት ነበር» አለችኝ።

ካውያውን አነሣሁት፤ ጨርቁ ላይ ብተወው ኖሮ ይቃጠል ነበር። «የእርስዎ አባት?»

«የእኔ አባት። በእኛ መንደር ሁለት ቤት ነው ያለው፤ የቄሱ ቤትና የቀዩ ቤት። ምርጫ ሲደርስ ቄሱ መቅደስ ውስጥ ቆሞ ‹ለመስቀሉ ድምፅ ስጡ› ይላል። አባቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰምቶት ወጥቶ ድምፁን ለቀዩ ይሰጣል። እናቴ ለመስቀሉ ትሰጣለች። ከዚያ ቤት ገብተው አንድ ሳህን ይበላሉ።»

«እርስዎ ልጃቸው ሲመነኩሱስ ምን አሉ?»

«ሦስት ወር አላነጋገረኝም። የምሄድ ቀን ግን ሻንጣዬን እስከ ባቡሩ ድረስ የተሸከመው እሱ ነው። ሲሞትም ቄሱን ጠርቶ ነው የሞተው። ቄሱ መጥቶ ‹አሁን ምን ፈለግህ?› ቢለው፣ ‹ዕድሜ ልኬን ስጣላህ የኖርኩት ለዚች ቀን ነው› አለው።»

ያን ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። አልገረመውም። «ቄስ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው፤ ግማሹን አገር ጠላት ያደርጋል» አለ። እሱ ወጣት ሆኖ የኖርዌይ ሚስዮኖች ጋ ጣሪያ ሲሠራ ነው ወንጌል የሰማው። ስለዚህ በእሱ ዘንድ የፕሮቴስታንት አገር ማለት ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ የሚሄድበት አገር ነው። እውነቱን የነገረችው አንዲት የሚስዮኑ ነርስ ግን ነበረች። «በእኛ አገር ቄስ ደመወዙን ከመንግሥት ይወስዳል፣ እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ» ብላዋለች። «ሰው ሁሉ ሲወለድ ይጠመቃል፣ ሲሞት ይቀበራል፤ በመካከል ያለውን እሑድ ግን አልጋው ላይ ነው።» ባለቤቴ ይህን ለእኔ ሲያወራ የነርሷን ትሕትና ሊያሳየኝ ነው። «አየሽ፣ ራሷን ዝቅ ስታደርግ» ይላል። «አገሬ ጥሩ ነው እንኳ አትልም!»

ልጃችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረሰች ጊዜ በከተማችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሊቆም ነው ተባለ። ለሥልጠና ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚላኩ ልጆች ተመረጡ፤ እሷ አንዷ ሆነች። ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ መጣ። እኔ ጓዳ ገብቼ ተቀመጥኩ። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ትሄዳለች፣ የምትመለሰዋ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

ከመመረጧ በፊት የቀበሌው ካድሬ ጠርቶ ጠይቋት ነበር። እኔ ለሳምንት ያህል ምን እንደምትመልስ ሳስጠናት ሰነበትኩ፤ እሷ ግን የራሷን መለሰች።

«‹የምን ሃይማኖት ነሽ?› አለኝ» አለች እየሳቀች። «‹እናቴ ካቶሊክ፣ አባቴ ጴንጤ፣ እኔ ተማሪ› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ከቤተሰቡ የዳንሽው አንቺ ብቻ ነሽ› አለኝ።»

ባለቤቴም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም።

ሲስተሯን ጠየቅኋት። «ለልጅ እምነት የትኛው አገር ይሻላል?» አልኳት። ካልሲውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አሰበች።

«ፖላንድ ቢልኳት ይሻል ነበር» አለች። «እዚያ መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ይፈራል። ሠራተኛው አድማ መትቶ ሥራ ሲያቆም የፋብሪካው በር ላይ የማርያምን ሥዕል ይሰቅላል፤ ቄሱ እዚያው ይቀድሳል። ሰው ለመንግሥት ‹እንቢ› ማለት ሲፈልግ የሚሄደው ወደ ቅዳሴ ነው።»

«ጀርመንስ?»

«በምሥራቁ ጀርመን ማንም ማንንም አይፈራም። ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ነው፤ የሚመጣ ሰው ነው የሌለው። እኛ ጋ ሰው ቤተ ክርስቲያንን ይጣላታል፤ እነሱ ጋ ረስቷታል።»

ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ አልወጣም። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል። የረሳን ሰው ምን ይሉታል? ለባለቤቴ ብነግረው ተቆጣ። «የካቶሊክ ወሬ ነው» አለ። «ያ እኮ ተሐድሶ የተነሣበት አገር ነው! መጽሐፉ መጀመሪያ ለገበሬው በገበሬው ቋንቋ የተሰጠው እዚያ ነው። ልጄ ወደ ምንጩ ነው የምትሄደው።»

በምትሄድበት ሰሞን ሻንጣዋን ሳዘጋጅ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። በእነሱ ልማድ መንገደኛ ባዶ አፉን አይሄድም። ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ሰው እሑድ እዚያ ያለው ጉባኤ ውስጥ ይቆምና «ከእነ እገሌ ሰላምታ ይዤ መጥቻለሁ» ይላል፤ ጉባኤው «አሜን» ብሎ ይቀበላል። ሲመለስ ደግሞ የእነሱን ሰላምታ ይዞ ይመጣል። ይህን ያላደረገ ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይል እንደወጣ ይቆጠራል። ቤቱ ተዘግቶ እንኳ ልማዱን አልተዉም ነበር፤ በለቅሶ ቤት፣ በወፍጮ ቤት ሰላምታ ይቀባበሉ ነበር።

«ስሚ ልጄ» አላት። «የመጀመሪያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ቁሚና ከአዋሳ ምእመናን ሰላምታ አቅርቢ። ሌላ ምንም አትበይ። አደራ።»

«በምን ቋንቋ ልበል፣ አባባ?»

«እስከዚያ ትማሪያለሽ።»

እሱ ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። «እኔም አደራ አለኝ» አልኳት። «ዝም በይ። ቤተ ክርስቲያን ብትሄጂም ባትሄጂም ዝም በይ። ማን አጠገብሽ እንደተቀመጠ አታውቂም። ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

አየችኝ። «ሁለት አደራ እኮ ሰጣችሁኝ፣ እማዬ» አለች። «አንዱ ቁሚ፣ አንዱ ተቀመጪ።»

«የእኔን ጠብቂ» አልኳት።

ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ጮክ ብሎ «ሰላምታውን!» አላት። እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ሁለታችንንም አይታ ራሷን ነቀነቀች። ለማን እንደነቀነቀች ሳላውቅ ቀረሁ።

ከሄደች በኋላ ዘመኑ እንዴት እንዳለፈ በዝርዝር አላስታውስም። የማስታውሰው ድካሙን ነው። ደብዳቤዋ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ፖስታው ተከፍቶ እንደገና የታሸገ ነው። «ደህና ነኝ፣ ብርዱ ከባድ ነው፣ ማሽኖቹ ትልልቅ ናቸው» ይላል። ባለቤቴ ስለ ሰላምታው የሚል ቃል ፈልጎ ያጣና ደግሞ ከመጀመሪያው ያነበዋል። እኔ ስለ ሰላምታው ምንም ባለማለቷ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ክረምት ሊገባ ሲል ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ባለቤቴን ከሥራ ቦታው ወሰዱት። ሮጬ ቀበሌ ሄድኩ። የሊቀ መንበሩ ቢሮ ድሮ ሽማግሌዎቻቸው የሚጸልዩበት ትንሽ ክፍል ነው። ሰውየው ያው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሕፃን ሳለ ተቅማጥ ይዞት በጀርባዬ አዝዬ ክሊኒክ ወስጄዋለሁ። ያን ቀን ግን ቁጭ በይ አላለኝም።

«ልጅሽን ክር እንድትፈትል ላክናት» አለ። «እሷ ወሬ ትፈትላለች።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ልጄ ምን አደረገች?»

«ጀርመን አገር ቤተ ክርስቲያን መካከል ቆማ ‹የጸሎት ቤታችን ተዘግቷል› ብላ ተናገረች። የአብዮቱን ስም አጠፋች።» እጁን ወደ አዳራሹ ዘረጋ። «ይሄ ቤት ተዘግቷል? በየእሑዱ አልተሰበሰባችሁም? እንዲያውም ከእነሱ ጊዜ ይልቅ አሁን ነው የሚሞላው!»

ይህ እውነት ነበር።

«ማን አስተምሮ እንደላካት እናውቃለን» አለ። «እሷም ብትሆን ሥልጠናዋን አቋርጠን ማምጣት አያቅተንም።»

ባለቤቴን የያዙት ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ነው። ስንቅ አመላልስ ነበር። ጠባቂው «ቅመሽ» ይለኛል፤ ካመጣሁት ፊቱ ጎርሼ አሳየዋለሁ፤ ከዚያ ያስገባል። አንድ ቀን ባለቤቴ በበሩ ቀዳዳ «መላጊያዬን አምጪልኝ» አለኝ።

«እዚህ መላጊያ ምን ይሠራልሃል?»

«ይህ በር ዝናብ ጠጥቶ አብጧል። በከፈቱትና በዘጉት ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል።»

ጠባቂው ሳቀ፤ ግን ፈቀደለት። ባለቤቴ የታሰረበትን ክፍል በር ራሱ ልጎ አስተካከለው። ከዚያ ወዲያ በሩ ያለ ድምፅ ይዘጋ ጀመር።

ሲስተሯ ይህን ስትሰማ ካልሲውን ጥላ ተነሣች። «ለአዋሳው ጳጳስ ልንገራቸው። እሳቸው ለኤምባሲው ይነግራሉ» አለች። የእኔም ልብ ወደዚያ ሄደ። በማግስቱ ስንቅ ሳቀብለው ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ገባው፤ እንዴት እንደገባው አላውቅም።

«አምባሳደርሽን እንዳትልኪብኝ» አለ።

«ለምን? ብትወጣ ምን አለበት?»

«ስምንት ሰው የሞላበት ዕቃ ቤት ነው። እኔን አምባሳደር ካወጣኝ ሰባቱን ማን ያወጣቸዋል?» ከዚያ ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብሎ «ሰላምታውን ግን አድርሳዋለች አይደል?» አለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር። በዚያ ፈገግታ ምን ያህል እንደተናደድኩ ዛሬም ይሰማኛል። ልጃችን ተይዛ ትመጣ ይሆናል፣ እሱ ታስሯል፣ እኔ ፍም ሳልጥል ጨርቅ መተኮስ አቅቶኛል፤ እሱ ሰላምታው መድረሱን ይጠይቀኛል።

አደይ አበባ ሳይፈነዳ ተፈታ። ለምን እንደታሰረ የነገሩት ስለ ሰላምታው ነው፤ ለምን እንደተፈታ ግን ማንም ምንም አላለውም። ልጅቷንም አልመለሷትም። ምናልባት ፋብሪካው ስለፈለጋት ነው፤ ምናልባት ረስተዋት ነው። እሷ ስለ መታሰሩ ምንም እንዳታውቅ ተስማማን፤ በዚህ እንኳ አልተጨቃጨቅንም።

ፋብሪካው ሥራ ሊጀምር ሲል ተመለሰች። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ጤነኛ ናት፣ ጠንክራለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች። አለቀስኩ። ማታ ገበታ ቀርቦ ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ዓይኔን ገልጬ አየኋት። ራሷን ዝቅ አድርጋለች፤ ዝቅ ያደረገችው ግን በሰው ቤት እንደተቀመጠ እንግዳ ነው። እስኪጨርስ ትጠብቃለች። የፈራሁት እንደደረሰ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ባለቤቴ ከጉርሻው በፊት «ሰላምታቸውስ?» አላት።

«ይዤ መጥቻለሁ፣ አባባ» አለች። «ግን የሚነገረው በጉባኤ አይደል? ቤቱ ሲከፈት እናገራለሁ።»

ደስ አለው። ልማዱን አለመርሳቷ ነው ደስ ያሰኘው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሥራ ፈረቃዋ ሳይደርስ ልብስ ክፍል መጣች። ሲስተሯ አልነበረችም። ጨርቁን በሁለት ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ጠየቅኋት።

«እዚያ ምን ሆነ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ድንጋይ ነው፣ እማዬ። አዋሳ ሙሉ ብትገባበት አይሞላም። ውስጡ ያሉት ጥቂት አሮጊቶች ናቸው፤ ካፖርታቸውን አያወልቁም፣ ይበርዳል። ዕድሜዬ የሆነ አንድ ሰው የለም። ቄሱ እያስተማረ መካከል ላይ ተነሥቼ ቆምኩ።»

«መካከል ላይ?»

«እኛ ጋ እንግዳ ይቆም የለ? እዚያ ለካ ማንም አይቆምም። ቄሱ ያመመኝ መስሎት ስብከቱን አቆመ። ሰላምታውን ያጠናሁት በቃሌ ነበር፤ አልኩት። ‹አሜን› የሚል ጠፋ። ሁሉም ዞረው ያዩኛል። ቁጭ ልል ስል አንዷ አሮጊት ማልቀስ ጀመረች።»

«ታዲያ ስለ ቤቱ መዘጋት ማን ነገራቸው?»

«ሲያልቅ ከበቡኝ። ‹የእናንተ ቤተ ክርስቲያንስ ይሞላል?› አሉኝ። ምን ልበል? ‹ቁልፉ ቀበሌ ነው› አልኳቸው። ከዚያ በየእሑዱ ስለ እኛ መጸለይ ጀመሩ፤ ጮክ ብለው። ከዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መካከል ደግሞ አንደኛው ላይ የመንግሥት ጆሮ ተቀምጦ ኖሯል። የሥልጠና ኃላፊው ጠርቶ ተቆጣኝ። ከዚያ በላይ ምንም አልደረሰብኝም።»

እጥፉን አስተካከልኩ። እሷ ቀጠለች። «በኋላ በኋላ በሥራ ቀን ማታ እሄድ ነበር። ወጣቶቹ የሚመጡት ያኔ ነው። ፀጉራቸውን ያሳደጉ፣ ጊታር የያዙ። አንዳቸውም አያምኑም። የሚመጡት በአገሩ ውስጥ ሰው የልቡን የሚናገርበት ሌላ ክፍል ስለሌለ ነው። አሮጊቶቹ ሻይ ያፈሉላቸዋል፤ ማመን አለማመናቸውን አይጠይቋቸውም።»

«አንቺንስ?» አልኳት። «አንቺን ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

ጨርቁን ለቀቀችው። «እንጃ፣ እማዬ። አንድ ጠዋት ተነሣሁ፤ የለም።»

«ማን ወሰደብሽ?»

«ማንም አልወሰደብኝም። እዚህ ቢሆን የሚወስድብኝ ሰው ስላለ ጥርሴን ነክሼ እይዘው ነበር። እዚያ የሚነጥቅ የለም፤ እንዲሁ ይቀራል።»

ሲስተሯ ያለችው ነው። ልቆጣ ፈለግሁ፤ አቅም አጣሁ። ጨርቁን ብቻዬን አጥፌ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስለ አባቷ ነገርኳት፤ ስለ ዕቃ ቤቱ፣ ስለ ስንቁ፣ ስለ መላጊያው። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ብቻዬን መሸከሙ ደከመኝ መሰለኝ። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።

«በእኔ ሰላምታ ነው የታሰረው» አለች።

«በራሱ ሰላምታ ነው። አንቺ ያደረስሽው ብቻ ነሽ።»

«አላምንም ብዬ እንዴት ልነግረው ነው ታዲያ?»

«ዝም በይ» አልኳት። ሌላ የማውቀው ምክር የለኝም።

ደርግ እየደከመ ሲመጣ የወሰደውን መመለስ ጀመረ። አንድ ቀን ሽማግሌዎቻቸው ተጠርተው የአዳራሹን ቁልፍ ተቀበሉ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ አግዳሚዎቹን ሲልግና ሲያጥብ ሰነበተ፤ መፈክሩን ከግድግዳው ፍቆ ኖራ ቀባ። ቅዳሜ ማታ ልጄን «ነገ» አላት። እሷ ወደ እኔ አየች።

እኔም ሄድኩ። ከስብሰባ በቀር በዚያ ቤት ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ሰው ከበር ውጭ ድረስ ሞልቷል፤ መቅረት እየተቻለ መጥቷል። ሊቀ መንበሩም ከኋላ በኩል ቆሟል፤ ማንም አላስወጣውም። መዝሙሩ ሲያልቅ መሪው «ሰላምታ ያለው ሰው ካለ» አለ። ባለቤቴ አልዞረም። ጀርባው ብቻ ሲጠብቅ ይታየኛል።

ልጄ ተነሣች። ነጠላዋን ያጠብኩላትም የተኮስኩላትም እኔ ነኝ። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ አነሰ፤ ኋላ ተስተካከለ።

«ጀርመን አገር ካሉ ምእመናን ሰላምታ ይዤ መጥቻለሁ» አለች። «ጥቂት አሮጊቶች ናቸው። ቤታችሁ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ በየእሑዱ ይጸልዩላችሁ ነበር። ለእናንተ ሲጸልዩም አንዳንድ ሰው ቅር ተሰኝቶባቸዋል፤ አልተዉም። ‹የእኛ ቤት ክፍት ነው፣ የሚገባበት ሰው ግን የለም፤ እናንተ ብዙ ናችሁና ጸልዩልን› ብለዋል። መልእክቱ ይህ ነው።»

ከራሷ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ያልሆነ ነገርም አላለችም። ጉባኤው «አሜን» ሲል ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ባለቤቴ አጎነበሰ፤ ግን በዚያን ቀን ጫማው ላይ እጁን አላሳረፈም። አግዳሚው ላይ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሲያልቅ ሰዎች ከበቡት፤ ስለ ልጁ ሲያመሰግኑት ቆዩ። እኔና እሷ ቀስ ብለን ወደ ቤት አመራን። ባጃጅ ያልነበረበት ዘመን ነው፤ ጋሪ ሲያልፍ ዳር ይዘን እንቆማለን።

«ደከመሽ?» አልኳት።

«አባባን አየሽው?» አለች። «ደስ አለው አይደል?»

«አለው።»

«የሚቀጥለው እሑድ አልሄድም፣ እማዬ። ፋብሪካ ተረኛ ነኝ እላለሁ።»

«የዚያን የሚቀጥለውስ?»

ጥቂት እንደሄድን ክንዴን ያዘች። «የአንቺንም አደራ ጠብቄያለሁ» አለችኝ።

ጠብቃለች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ልጁ እሑድ እሑድ ፈረቃ የሚበዛባት ይመስለዋል። «ይህ ፋብሪካ ሰንበት አያውቅም እንዴ?» እያለ ያማርራል። እኔ ሸሚዙን እተኩሳለሁ፣ «እንግዲህ ሥራ ነው» እላለሁ። አሁን ዝም የምለው እኔ ነኝ። ለሁለቱም እጸልያለሁ፤ ለአሮጊቶቹም እንዲሁ፤ ልጄ መልእክታቸውን አድርሳላቸዋለችና። ከዚያ ሸሚዙን ማንጠልጠያ ላይ ሰቅዬ ካውያው እስኪበርድ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ፍም ያለበትን ካውያ ትቶ መነሣት አልወድም።